ጠበቃችን በጨዋታ ያመነ ዕለት

ሰሚራ እባላለሁ። ባሕር ዳር ተወለድሁ፣ ባሕር ዳር አደግሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ባትማር ነው» እንዳትሉኝ ነው። ካላችሁም በሉ፤ ከዚያ የባሰ ተብያለሁ።

ያኔ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ የሰው ነገር ደግሞ አላሳልፍም። ደንበኛ ጣቱን አጩሆ ሲጠራኝ «ውሻ ነው የጠፋዎት?» ብዬ አውቃለሁ። ሱፐርቫይዘራችን ገነት «አንቺ እግርሽ ለሥራ፣ አፍሽ ለጠብ ነው የተፈጠረው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

አባቴ አቶ ኑሩ ታንኳ ሠሪ ነው። ከሆቴሉ አጥር ማዶ ያለችው የዳር መሬት የእሱ፣ ከእሱ በፊትም የአባቱ ነበረች። ታንኳ የሚሠራበት ሣር፣ ደንገል፣ ከውኃ ታጭዶ እንደወጣ አይታሰርም። ተዘርግቶ ፀሐይ ሊመታው፣ ሊገላበጥ፣ ሊጠወልግ ይገባዋል። ሰፊ ደረቅ ዳርቻ የሌለው ሰው ታንኳ ልሥራ ቢል ጭቃ ያቦካል እንጂ ታንኳ አይሠራም። ስለዚህ ያች መሬት ለእኛ መሬት ብቻ አልነበረችም፤ የአባባ እጅ ነበረች።

ያች መሬት ለመዝናኛ ቦታ ተብላ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠች። አባባ ከሰሰ። ዘመድ መክሮት ጠበቃ ያዘ፤ ደረጀ የሚባል፣ መልካም ድምፅ ያለው ሰው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እሳቸው» ብዬ አልጠራውም፤ ቅር የሚለው ሰው ካለ ይለፈው። አባባን ቢሮው ደጃፍ ሆኜ ስጠብቅ አይቸው ነበር። እሱ እኔን አላየኝም። «አቶ ኑሩ፣ እርስዎ ታንኳዎን ይሥሩ፤ ቀጠሮ ሲኖር እኔ እደውላለሁ» ሲል በበሩ ክፍተት ሰምቸዋለሁ።

ስልኩ አልጮኸም። አባባ ሲተኛ ከራስጌው፣ ደንገል ሲያስር ከጉልበቱ ሥር አያርቀውም ነበር። ፍርድ ቤትን እንደ መስጊድ የሚያከብር ሰው ነው፤ ቀጠሮ መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄዶ በሩ ላይ በቆመ። ቀጠሮው አለፈ፤ ጠበቃውም አልሄደም፣ አባባም አልሄደ። በሌለንበት ተፈረደብን። ቀጥሎ የመጣው «ሰኞ መሬቱን ለቃችሁ ውጡ» የሚል ትእዛዝ ነበር። ለደረጀ ስንደውል አያነሣም። አዲስ አበባ ገብቷል፣ ትልቅ ሰው ሆኗል አሉን።

ፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠው አቤቱታ ጸሐፊ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ፤ «ጠበቃው ቀጠሮውን ለአባትሽ አልነገርኋቸውም ብሎ ካመነ፣ ዳኛው ትእዛዙን አግደው ጉዳዩን እንደገና ሊያዩት ይችላሉ። ካላመነ ግን አባትሽ ችላ ብለው ቀሩ ይባላል።»

«አንድ ቃል ብቻ?»

«አንድ ቃል። ግን ከእሱ አፍ።»

እንግዲህ ያን ቃል ፍለጋ ላይ ሳለሁ ነው ይህ የገጠመኝ።

ዓርብ ዕለት ሆቴላችን በር ላይ ትልቅ ባነር ሰቀልን። «የሕግ ትምህርት ቤታችን ስመ ጥር ምሩቃን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተመርቀው ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ አማካሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ከየከተማው ተጠራርተው ሊገናኙ፣ ከመካከላቸውም የላቁትን ሊሸልሙ። የተሸላሚዎቹ ፎቶ ባነሩ ላይ ተደርድሯል። ገነት መሰላሉን ይዛልኝ ገመዱን ሳስር፣ ከፎቶዎቹ አንዱ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ደረጀ።

«ምነው ደነገጥሽ?» አለች ገነት ከታች።

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ።»

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን የሰቀልነው ይመስልሻል?»

ማታ ለአባባ ነገርሁት። ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! እግሩን እዚህ ድረስ ያመጣው አላህ ነው። ጠይቂልኝ ልጄ፤ ቀኑን እንዳልነገረኝ ይመስክርልኝ። ግን በጨዋ ቋንቋ። ሰው ፊት እንዳታሳፍሪው» አለኝ። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማደርጋቸው አልነገረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሻይ ልቀዳለት ተጠጋሁ። «አቶ ደረጀ፣ የታንኳ ሠሪው የአቶ ኑሩ ልጅ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና ስኳር እንደማይፈልግ በእጁ አሳየኝ። ከዚያ ሁሉም በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሄዱ። እኔ ጠረጴዛ ስጠርግ፣ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ዓይኔ ውኃው ላይ ነበር።

የዚያ ዕለት ጣና ሞገድ አንሥቶ ነበር። ሲመለሱ ግማሾቹ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከሰዓት በኋላ የተያዘው ፕሮግራም የድሮ ችሎት ነበር፤ በሆቴሉ ግቢ ካለችው ዋርካ ሥር እንደ ጥንቱ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ መሟገት። ተማሪ ሳሉ እየተጫወቱት ነው ያደጉት አሉ። ከሳሽ ሆና የምትጫወተው ሴትዮ ግን ጣና አናውጧት ክፍሏ ውስጥ ባልዲ አቅፋ ተኝታለች።

መድረክ መሪው አንድ ሳቂታ ወፍራም ጠበቃ ነበር። «ክቡራንና ክቡራት! ከሳሽ በሞገድ ምክንያት አልቀረበችም። መዝገቡ ይዘጋ?»

«አይዘጋም!» አሉ ሁሉም።

«እንግዲያው ከሳሽ ከየት ላምጣ? እናንተ እንደሆናችሁ ካልተከፈላችሁ አትናገሩም።»

ሳቁ ሳያበቃ ገነት ከኋላዬ መጣች። እንግዳ ደስ ይበለው እንጂ እናቷንም ትሸጣለች። «እኛ ዘንድ አፏ ምላጭ የሆነች ልጅ አለች!» ብላ ወደ ፊት ገፋችኝ። ትሪው እጄ ላይ ነበር። ግማሹ ሰው አጨበጨበ።

የችሎቱ ዳኛ ጋሽ አጥናፉ ነበሩ፤ ከትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ከተመረቁት አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በዳኝነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ። ጋቢ ለብሰው ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጠዋል። ደግ ፊት ነበራቸው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

«ነይ እስቲ ልጄ። ስምሽ ማን ነው?»

«ሰሚራ።»

«ሰው ከሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሰን ነበር፤ ሳንሰማ ተፈረደብን።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መድረክ መሪው የተጻፈውን ክስ ሊሰጠኝ ወረቀት ዘረጋ፤ ገብስ ስለ በላች በቅሎ ነበር። ጋሽ አጥናፉ በእጃቸው ከለከሉት። «ተወው፤ ድሮ ማን አንብቦ ተሟገተ? ክሱን ራሷ ታምጣው። ተከሳሽስ?»

«ደረጀ! ደረጀ!» ብለው ጮኹ። ተማሪ ሳለ በሙግት የሚረታው አልነበረም አሉ። ኮቱን አውልቆ ጋቢ ደረበ፤ ባነሩ ላይ ያለውን ያንኑ ፈገግታ ፈገግ ብሎ ከአጠገቤ ቆመ።  አላወቀኝም።

ጋሽ አጥናፉ ሥርዐቱን ነገሩን። «በጥንቱ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛ ነው። ዳኛ ሳይፈታው የፈታ እንደሸሸ ይቆጠራል። በሉ አስተሳስሯቸው!» መድረክ መሪው የእኔን ነጠላ ጫፍና የደረጀን ጋቢ ጫፍ አንድ ላይ ቋጠረ። ስልኮች ተነሡ። ቀረጻ ተጀመረ።

ምን እንደምል አላሰብሁም። አባባ «በጨዋ ቋንቋ» ያለኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

«በሕግ አምላክ!» አልሁ። ግቢው ጸጥ አለ።

«በላ ልበልህ!
ታንኳ ያለ ቀዛፊ ቢገፉት የት ይደርሳል፣
ጠበቃ ሲሸሽበት ድኻ ወዴት ይከሳል?»

ጩኸቱን ብትሰሙት! ፉጨት፣ ጭብጨባ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ይህችን ልጅ ማን ደበቃት!» አሉ። እኔ ግን ግጥም አልቆብኝ ነበር። ወደ ጋሽ አጥናፉ ዞሬ እንደወረደ ተናገርሁት። «ጌታዬ፣ አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል የሚያደርቅባት መሬት ተወሰደችበት። ይህን ሰው ጠበቃ አድርጎ ያዘ። ቀጠሮ ሲኖር እደውላለሁ አለው። ቀጠሮው መጣ፤ አልደወለለትም። ራሱም አልሄደም። በሌለንበት ተፈረደብን። ሰኞ ሊያስወጡን ነው። እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። አልነገርኋቸውም ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገር።»

«ታንኳ» ስል ፊቱን እያየሁት ነበር። ፈገግታው አልጠፋም፤ ዓይኑ ግን ቆመ። አወቀኝ። ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ ተቋጥረን የቆምን እኛ ነን። ይክዳል ብዬ ጠበቅሁ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገና በዚያ መልካም ድምፁ እንዲህ አለ፤

«በላ ልበልሽ!
ቀጠሮስ ነበረ፣ እኔም አልረሳሁት፣
ሌላ ቤት ቢጠራኝ ሳልነግራቸው ተውሁት።»

ሰው በሳቅ ወደቀ። «አቤት ደረጀ! ዛሬም ያው ነህ!» አለ አንዱ ሆዱን ይዞ።

ጋሽ አጥናፉም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠየቁት። «ተከሳሽ፣ ቀጠሮውን ለሰውዬው አልነገርኳቸውም ነው የምትለው?»

«አልነገርኳቸውም፣ ጌታዬ።»

«ዘንግተህ ነው?»

«አውቄ ነው፣ ጌታዬ።»

ይኸው። ስፈልገው የከረምሁት ቃል። ግቢ ሙሉ ሕግ ዐዋቂ እየሰማ፣ ስልክ ሁሉ እየቀረጸ፣ ከራሱ አፍ። 

ጋሽ አጥናፉ ከወንበራቸው ተነሥተው ፈረዱ። «ተከሳሽ በአፉ አምኗል። ታንኳ ሠሪው ሳይሰማ የተሰጠው ፍርድ ፍርድ አይደለም። ያልሰማ ሰው አይረታም! መሬቱ ለታንኳ ሠሪው ይጽና።» እልልታው ቀለጠ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ፍርድ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ። እንባዬን አይተው የበለጠ አጨበጨቡ።

«እንግዲህ ቋጠሮው ይፈታ» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ቋጠሮውን በሁለት እጄ ያዝሁት። «አይፈታም ጋሼ። ያለውን ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይድገመውና ያን ጊዜ ይፈታል።»

አሁንም ሳቁ። መድረክ መሪው «ከሳሽ ይግባኝ ብላለች!» አለ። ደረጀ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ «ፍቺው» አለኝ።

«ይድገሙታ።»

«ልጅት፣ ጨዋታው አልቋል።»

«እኔ አልተጫወትሁም» አልሁት ጮክ ብዬ።

በዚህ ጊዜ ሳቁ ሳሳ። ወደ ጋሽ አጥናፉ ዞርሁ። «ጋሼ፣ የነገርሁዎት እውነት ነው። አባቴ እዚያ ከአጥሩ ማዶ ነው ያለው። እርስዎ ሰምተዋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ጋሽ አጥናፉ ዙሪያቸውን አዩ፤ ከዚያ ደረጀን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬት። «ልጄ፣ እኔ የሰማሁት ተውኔት ነው» አሉኝ በቀስታ።

ያኔ ነው የሳብሁት። ነጠላዬን ይዤ ወደ ዳርቻው በር መሄድ ጀመርሁ። ደረጀ ጋቢውን ጥሎ መቅረት ይችል ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ እየቀረጸ ነው፤ ዳኛ ሳይፈታው የፈታ ሸሸ ይባላል። እየሳቀ ተከተለኝ። «ይኸው ተማረክሁ!» አለ ለካሜራዎቹ። የቻለው ሁሉ ከኋላችን ግር አለ።

አባባ ደንገል እያገላበጠ ነበር። ያለቀች ታንኳ ከጎኑ ተጋድማለች። ያ ሁሉ ሱፍና የሐበሻ ቀሚስ ሲመጣበት እጁን በሽርጡ ጠርጎ ተነሣ። ደረጀን ሲያይ ፊቱ እንደ ዓርቡ ማታ በራ። «መጡልኝ! መጡልኝ አቶ ደረጀ! እንኳን ደህና መጡ!» ከዚያ ቋጠሮውን አየ። ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ምንድን ነው? እኛ ዘንድ እንግዳ ታስሮ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አባባ፣ አምኗል! ሁሉም ሰምተዋል። ራስህ ጠይቀው።»

አባባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ አክባሪ፣ ጠየቀው። «አቶ ደረጀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቀጠሮውን ቀን ነግረውኝ ነበር እንዴ?»

ደረጀ ሰውን ዞር ብሎ አየ። አሁን የሚስቅ የለም። ስልኮቹ ግን እንደተነሡ ናቸው። ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ አንድ እጁን አባባ ትከሻ ላይ አኖረና «ነግሬዎት ነበር እንጂ አቶ ኑሩ። ደውዬ ነግሬዎታለሁ። ሥራ በዝቶብዎት ረስተውት ይሆናል» አለው።

ከጀርባዬ ያሉት ሰዎች ሲተነፍሱ ሰማሁ። እፎይ ያሉ መሰለኝ።

አባባን አየሁት። ይጮኻል፣ ይምላል፣ ይክደዋል ብዬ ነበር። አባባ ግንባሩን ቋጥሮ ያስብ ጀመር። አስቡት፤ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ከቦት ቆሞ፣ ያልተነገረውን ነገር ከራሱ ውስጥ ይፈልግ ነበር። «እንግዲህ…» አለ በመጨረሻ፣ «እርስዎ ከሕግ ጋር የሚውሉ ሰው ነዎት። ምናልባት ረስቼ ይሆናል። ዕድሜም ነው።»

«አልረሳህም!» ብዬ ጮኽሁ። «አልደወለልህም አባባ! ስልኩ ከጉልበትህ ሥር ነበር!»

«ዝም በይ ልጄ። ሰው ፊት ነው።» ጎንበስ አለና ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር። ጠብቆ ነበር፤ በጥርሱ ያዘው። ደንገል ሲያስር የሻከረ እጁ ጋቢውን እንዳይስበው እየተጠነቀቀ ፈታው፤ ጫፉን በመዳፉ አለሳልሶ ለባለቤቱ ሰጠው። «አይቀየሙን» አለው።

ደረጀ «ምንም አይደል» ብሎ ሄደ። ሰዉም ተከትሎት ተመለሰ። አንድ ሁለቱ በታንኳዋ አጠገብ ፎቶ ተነሥተው ነው የሄዱት።

አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ሜሮን ትባላለች፤ ዐቃቤ ሕግ ናት፤ ከተሸላሚዎቹ ወጣቷ። ጫማዋን በእጇ ይዛ አሸዋው ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እመጣለሁ። የሰማሁትን እናገራለሁ።» አቅፌ ሳምኋት። ያን ዕለት ገነት ከሥራ ስታባርረኝ እንኳ ግድ አልሰጠኝም፤ የሰማ ሰው አግኝቻለሁና። እሑድን ሙሉ አባባ ደንገሉን ሲያገላብጥ ዋለ፤ ነገም እዚያው የሚኖር ይመስል። ዝም ብዬ አየሁት። አንድ ቀን ያህል፣ እንደሚኖር አምኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሜሮን መጣች። ቀረች ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ መጣች። አቤቱታችንን አስገባን፤ ዳኛው ጠርተውን በቢሮ አነጋገሩን። ወጣት ናቸው፤ አባባን «ይቀመጡ አባት» ብለው ወንበር አስመጡለት። ከዚያ ሜሮንን ጠየቋት።

«ምን ሰማሽ?»

«ተከሳሽ ሆኖ ሲጫወት፣ ቀጠሮውን አልነገርኳቸውም ሲል ሰምቻለሁ።»

«ሲጫወት?»

«አዎ፤ በተውኔት ላይ።»

«ከተውኔቱ ውጪስ ምን ሲል ሰማሽ?»

 ሜሮን እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበር፤ እውነት ለመናገር የመጣች ሰው ናት። «ነግሬያቸዋለሁ ሲል ሰማሁ።»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?»

«ምናልባት ረስቼ ይሆናል አሉ።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ወደ አባባ ዞረው «እንደዚያ ብለዋል አባት?» አሉት።

«ብያለሁ ጌታዬ» አለ አባባ።

እግድ አልተሰጠም። ከሰዓት በኋላ መሬቱን የሚጠርገው ማሽን መጣ። የተሰጣውን ደንገል መጀመሪያ ረገጠው፤ እንደ ጭድ ነው የተንኮሻኮሸው። ያለቀችውን ታንኳ ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ውኃ ላይ አወረድናት። ሌላውን ተውነው።

እንግዲህ ይህን ስታነቡ «ልጅቷ ሕግ ማጥናት ነበረባት» የምትሉ አላችሁ። ብዙ ሰው ብሎኛል። ቪድዮው በየስልኩ ዞሮ ነበር፤ ደረጀ ግጥም እስኪመልስ ድረስ ያለው ብቻ። «ተዋናይቷ» ይሉኛል ገበያ ላይ። «ተሰጥኦ አለሽ፣ ሕግ ተማሪ፣ አገር ታቀኚያለሽ» ይሉኛል። እኔ የምመልሰው ይህን ነው። ሰዎቹ ሕግ ጎድሏቸው አይደለም። ዋርካው ሥር ሆነው ነገሩን ገና ከመስማታቸው ማን እንደተበደለ፣ ማን እንደበደለ፣ ምን መፈረድ እንዳለበት አወቁ። እንዳይፈርዱ የሚያደርግ ነገር በሌለበት ቦታ እንደ ወርቅ ሚዛን ፈረዱ። እኔን ያቆሰለኝ አለማወቃቸው ቢሆን ኖሮ እኮ ቁስሉ በዳነ፤ ላላወቀ ይነገረዋል። ያወቀ ሰው «ተውኔት ነው» ካለ በኋላ ምን ትነግሩታላችሁ?

ክፉ ሰዎች ናቸውም አልላችሁም። ጋሽ አጥናፉ ከዳርቻው ሲመለሱ እጄን ጨብጠውኛል። ሜሮን ሐሰት አልተናገረችም። ዳኛው ለአባቴ ወንበር አስመጥተዋል። ሁሉም በየበኩላቸው ንጹሕ ናቸው፤ ስመ ጥር ናቸው። ደረጀም ሽልማቱን እሑድ ዕለት ተቀብሏል፤ ሲያጨበጭቡለት በቀድሞ ባልደረቦቼ ስልክ አይቸዋለሁ።

አሁን ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ የስልክ ካርድና ቁራሽ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ከመንደር መንደር እዞራለሁ፤ መቀመጥ እንደሆነ አልችልም። መሬትማ ያልፋል፤ ስንቱ መሬቱ ተወስዶበት ኖሯል። የማላልፈው ሌላ ነገር ነው። አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን አያምንም። «የዐስር ሶላት ሰግጃለሁ እንዴ?» ይለኛል። በሩን ዘግቶ ተመልሶ ይነካዋል። ሰው የሆነ ነገር ሲለው «አዎ፣ ነግረኸኝ ይሆናል» ይላል፣ ሳይነገረው። በዘመኑ ከደቅ ደሴት እስከ ቁንዝላ የውኃውን መንገድ በጨለማ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በቀደም የአጎቴ ልጅ ከቁንዝላ ሊጠይቀን ከች አለ። መምጣቱን በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ ገበያ ላይ ተጣድፌ ለአባባ ሳልነግረው ቀረሁ። እንግዳው በር ላይ ሲቆም አባባ ተደናገጠ፤ ግንባሩን ይዞ «ይቅርታ ልጄ፣ ሰሚራ ነግራኝ ነበር፤ ረስቸው ነው» አለው።

 ከፊቱ ሄጄ ተንበረከክሁ፤ ሁለት እጁን ያዝሁት።

«አልነገርሁህም አባባ። አልረሳህም። እኔ ነኝ ያልነገርሁህ።»

ዓይኔን ብዙ አየኝ። የሚያምነኝ መስሎኝ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።